የሥነ ልቦና ባለሙያ ምን ይሠራል? እንዴትስ እናገኘዋለን?



ጥርሳችንን ሲያመን ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ዓይናችንን ሲያመን ወደ ዓይን ሐኪም እንሄዳለን። እንቅልፍ ያጣች እናት፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ከሰው ጋር መቀመጥ የጠላች እህት ወይም ውዱእ ሳይደጋግም መስገድ ያቃተው ወጣት ሲያጋጥመን ግን የት እንደምንወስዳቸው ግራ ይገባናል። «ያልፋል» እያልን ወይም ጎረቤት እንዳይሰማ እየደበቅን ወራት እናሳልፋለን። በዚህ መሐል ሕመሙ ሥር ይሰድዳል።

ማን ምን ይሠራል?

ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ በአእምሮ ሕመም ላይ የተካነ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ (ሳይኮሎጂስት) ደግሞ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ጠባይ ያጠና ነው። መድኃኒት አያዝም፤ በንግግር፣ በመጠይቅና በልምምድ ያክማል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተባብረው ይሠራሉ።

ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተወልዶ በ934 እ.ኤ.አ. የሞተው ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ሐዘንን ለሁለት ከፍሎታል፦ ምክንያቱ የሚታወቅና ምክንያቱ የማይታወቅ። ለመጀመሪያው በምክርና በንግግር፣ ከአካል ይመጣል ላለው ለሁለተኛው ደግሞ በአካላዊ ሕክምና መታከምን መክሯል።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይጠየቃል?

ባለሙያው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ ይጠይቃል። ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የተነገረው ምስጢር ነው፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር አይወጣም። ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ሳምንታትን ይጠይቃል። ለምሳሌ በወስዋስ የሚሠቃየው ወጣት አንድ ጊዜ ታጥቦ የመድገም ግፊቱን መታገስ ቀስ በቀስ ይለማመዳል። ጭንቀቱ ሳይደግምም እንደሚበርድ በራሱ ያየዋል።

የት እንፈልግ?

በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጀምሩ፤ በአንዳንዶቹ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች አሉ፣ ወደሚመለከተው ክፍልም ይልካሉ። በአዲስ አበባ መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በስፋት ይታወቃል። የግል ምክር ሰጪ ከመረጡ እነዚህን ይጠይቁ፦

• የት ተማሩ? የሙያ ፈቃድ አለዎት?
• እንዲህ ያለ ችግር አክመው ያውቃሉ?
• ክፍያው ስንት ነው? በየስንት ቀኑ እንገናኛለን?

እህቶች ሴት ባለሙያ መጠየቅ ይችላሉ። ቋንቋዎንና ሃይማኖትዎን የሚያከብር መፈለግም ነውር የለውም። «በአንድ ቀን አድንሃለሁ» የሚልን ወይም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚያስጥልን ግን ይራቁ።

ዱዓና ሕክምና

«ይህ የኢማን ድክመት ነው» ወይም «ጂን ነው» ብለው ሕክምናን የሚያስቀሩ አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ፈውስ ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ቁርኣን የሚቀራበት ታማሚ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ የሚከለክለው የለም። በረመዳን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በራሱ ከማቋረጡ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ቀን የማይሰጥ ሁኔታ

«ብሞት ይሻለኛል» የሚልን፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብን፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማን ወይም መብላትና መተኛት ያቆመን ሰው በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ይውሰዱ። ብቻውን አይተዉት፤ መድኃኒት፣ ስለትና ገመድ ከአጠገቡ ያርቁ። ማሰርና መምታት ሕመሙን ያብሳል። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ይልቁንም እንዲናገር በር ይከፍትለታል።

ቤተሰብ ሆይ፣ «ምን ጎደለህ?» ከማለት «ምን ሆነሃል? አብሬህ ልሂድ?» ማለት ይበልጣል። አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎች ሰብሩን ይስጥ። አሚን።