መምህሩ ጠይቆ ዝም የሚልበት ክፍል

ኮሌጅ ከገባ ጥቂት ሳምንት የሆነው ወጣት ደብተሩን ገልጦ ቢያሳየን፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መምህሩ የተናገረውን ነው። የሰማውን ይጽፋል፤ የጻፈውን ያጠናል፤ ያጠናውንም በፈተና ቀን ይመልሳል። እኛም ያደግነው በዚሁ መንገድ ስለ ሆነ አጥብቀን ልንነቅፈው አንደፍርም። ነገር ግን ይኸው ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ከመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሲቀመጥ፤ ባለጉዳይ ይዞት የሚመጣው ነገር መልሱ ከደብተር የሚገኝ አይደለም።

በአሜሪካ ሊበራል አርትስ የሚባሉት ኮሌጆች፤ ይኸውም ተማሪውን ለአንድ ሙያ ብቻ ከማዘጋጀት ይልቅ አእምሮውን በልዩ ልዩ ዕውቀት ለማስፋት የሚደክሙት፤ አዲስ ገቢውን ገና በመጀመሪያው ዓመት ሴሚናር ወደሚባል ትንሽ ክፍል ያስገቡታል። በብዙዎቹ ዘንድ ይህ ትምህርት መምህሩ በመረጠው አንድ ጉዳይ ላይ ጥቂት ተማሪዎች የሚያነቡበት፤ የሚጽፉበትና የሚነጋገሩበት ነው። እኛ ግን ለዛሬ የመረጥነው ነገሩን እስከ ዳር የገፋውን፤ በሜሪላንድ ግዛት በአናፖሊስ ከተማ የሚገኘውን ሴንት ጆንስ ኮሌጅን ነው።

ይህ ኮሌጅ የቻርተር ፈቃዱን ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1784 ዓ. ም. ነው። ከረዥም ዕድሜው በኋላ በገንዘብ እጦት ተቸግሮ ሳለ፤ በ1937 ስትሪንግፌሎ ባር ፕሬዚዳንት፤ ስኮት ቡካናን ዲን ሆነው መጡና ተማሪው ሁሉ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ታላላቅ መጻሕፍትን እንዲያነብ ደነገጉ። የዚህም ሥርዓት እምብርቱ ሴሚናሩ ነው።

በሳምንት ሁለት ማታ፤ ሰኞና ሐሙስ፤ ሃያ ያህል ተማሪዎች በአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሁለት መምህራንም አብረዋቸው አሉ፤ ኮሌጁ ግን ፕሮፌሰር ሳይሆን ቲዩተር ይላቸዋል። ከሁለቱ አንዱ ጥያቄ ያቀርባል፤ ከዚያም ዝም ይላል። መልሱን የሚነግር የለም። ከተማሪ ቤት መልስ መስማት ለለመደ ልጅ ከዚያች ዝምታ የሚከብድ ነገር ያለ አይመስለንም። ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ቲዩተሩን እንደሚጠሩት ሁሉ «አቶ» እና «ወይዘሪት» መባባላቸው የቈየ ልማድ ነው፤ ይህም ከጓደኛ ጋራ ሲከራከሩ ነገሩን ከሰውየው ለመለየት ሳይረዳ አይቀርም።

መጀመሪያ የሚነበበው መጽሐፍ የሆሜር ኢሊያድ ነው። (ገና በመክፈቻው፤ አኪሌስ ተቈጥቶ እናቱን ሲለምናት፤ ዜውስ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ስለ ሄደ እስከሚመለስበት እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ መታገሥ እንዳለበት ትነግረዋለች። ከጠረጴዛው ዙሪያ ያገራችን ልጅ ቢኖር የሚናገረው አያጣም።) እስቲ ጥያቄው እንዲህ ነው እንበል፤ ንጉሡ አጋሜምኖን የአኪሌስን ምርኮኛ ሴት ነጥቆ በሰው ፊት ሲያዋርደው፤ አኪሌስ ጦርነቱን ትቶ መቀመጡ ተገቢ ነውን? አንዱ «ክብሩን የተገፈፈ ሰው ሌላ ምን ያድርግ?» ይላል። ሌላው በሱ መቅረት ያለቁት ጓደኞቹ ምን በድለው እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሦስተኛው ሁለቱንም «ከመጽሐፉ የት ላይ አገኛችሁት?» ብሎ ይይዛቸዋል። አለቃው ያዋረደው ሠራተኛ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ፤ ጉዳዩ የተጓተተበት ባለጉዳይ በማን ይፍረድ? አንባቢያችን የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ሆነ ጥያቄው የሦስት ሺህ ዓመት ወሬ አይመስለውም።

ሴሚናሩ እንከን የለበትም አንልም። ንግግር የሚቀናው ልጅ ያላነበበውን በአንደበቱ ሊሸፍን ይችላል፤ የተሳሳተ ሐሳብም ሳይታረም ሁለቱ ሰዓት ያልቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ዓይን አፋሩ ነው። መጽሐፉን ደጋግሞ አንብቦ፤ ሊናገር አስቦ፤ ቃሉን ሲያሰናዳ ክርክሩ ወደ ሌላ ይሄድበታል።

ኮሌጁ ለዚህ ያለው መላ ጠንከር ያለ ነው። በመንፈቁ መጨረሻ ዶን ራግ የሚባል ስብሰባ ይደረጋል። የተማሪው ቲዩተሮች ሁሉ በአንድነት ተቀምጠው፤ ልጁ እዚያው ፊታቸው እያለ፤ እንደሌለ ሰው «እሱ» እያሉ ስለ ሥራው ይነጋገራሉ። ሲጨርሱም ወደሱ ዞረው የሚለው እንዳለ ይጠይቁታል። መንፈቁን ሙሉ ዝም ያለ ተማሪ፤ እዚህ ስለ ዝምታው የሚናገርለት ሌላ ሰው የለም።