የክታብ ጸሐፊው ደብተራ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ የሚያስፈራ ታሪክ እየጻፈ የሚተዳደር ባለሙያ ቢፈለግ የሚገኘው ከደብተራ መካከል ነው። ደብተራ ዜማና ቅኔ ተምሮ ክህነት ያልተቀበለ የማኅሌት አገልጋይ ሲሆን፣ አንዳንዱ፣ ቤተ ክርስቲያን እየነቀፈችውም ቢሆን፣ ክታብ ይጽፋል፤ ክታብ ከአጋንንትና ከደዌ ይጠብቃል ተብሎ በግእዝ የሚጻፍ የብራና ጥቅል ነው።

የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ተፍቆ ከለሰለሰ በኋላ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቁራጭ ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ፣ የባለጉዳዩን ቁመት እንዲያህል ይደረጋል፤ ጥበቃው ከራስ እስከ እግር እንዲደርስ ነው። ጽሑፉ በመቃ ብዕር በጥቁር ቀለም ይሰፍርና የባለጉዳዩ የክርስትና ስም በቀይ ይገባል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ በላዩ ስለሚጻፍ፣ በየሙዚየሙ ባሉ ጥቅሎች ላይ ፍቁ ቦታ ዛሬም ይለያል። በመካከሉ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና ዓይናቸው የፈጠጠ ፊቶች ይሣላሉ፤ ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ እነዚህን ሥዕሎች ለረጅም ዘመን አጥንቶ ለዓለም አሳውቋል፤ በክታቡ የሚጻፉት ታሪኮች ግን እንደ ልብ ወለድ ሥራ የሚገባቸውን ያህል አልተነበቡም።

ከሁሉ የሚበረታው የውርዝልያ ታሪክ ነው። ይህች ጋኔን የቅዱስ ሱስንዮስን ሕፃን ስትገድል፣ እርሱ ጦሩን ይዞ በፈረስ ይወጣል፤ አንዲት አሮጊት የጋኔንዋን ቦታ ካመለከተችው በኋላም በአጋንንት ተከባ አግኝቶ፣ ጸልዮ ይወጋታል፤ እርስዋም የእርሱ ስም ባለበት ላትደርስ ትምላለች። ታሪኩ አጭር ሆኖ ልብ የሚያርደው አደጋው የሚገባው አራስ ቤት ስለሆነ ነው፤ ሾተላይ የያዛት፣ ማለትም ልጆችዋ እየተወለዱ የሚሞቱባት ሴት፣ ክታቡን የምታስጽፈው ይህን ሐዘን ቀምሳ ነው።

በሌላ አገርም የሚያስፈራ ታሪክ እየጻፉ የሚከፈላቸው ነበሩ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 መውጣት የጀመረው የቺካጎው «ዊርድ ቴልስ» የተባለ ርካሽ የአስፈሪ ታሪክ መጽሔት ለደራሲዎቹ ለእነ ኤች ፒ ላቭክራፍት (1890–1937) የሚከፍለው በቃላቱ ብዛት ነበር። ላቭክራፍት ፍርሃትን ሳያሳርፍ፣ ሰዎቹን ለእብደት ወይም ለሞት ትቶ ታሪኩን መዝጋት ይችላል፤ የእርሱ አንባቢ መጽሔቱን አጥፎ ይተኛልና። ደብተራው ግን ውርዝልያን ሳያስምል ብዕሩን ማንሳት አይችልም፤ ክታቡን በአንገትዋ የምታስረው እናት ግእዙን ማንበብ ባትችልም፣ የምትከፍለው ለዚያ መሐላ ነው።