ቃጫ፦ ከጅራፍ ጩኸት እስከ መኪና በር

ለቡሄ ጅራፍ አጩኻችሁ ታውቃላችሁ? ያ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ጅራፉ ራሱን በራሱ ሲመታ የሚሰማ ይመስለዋል። አይደለም። ጅራፍ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከክንዳችሁ የወጣው ጉልበት ወደ ጫፉ ሲጓዝ የሚያንቀሳቅሰው ክብደት እያነሰ፣ ፍጥነቱ ደግሞ እየጨመረ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ ያልፋል። የሰማችሁት ከድምፅ የሚፈጥን የጦር ጄት ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት ፍንዳታ ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው። ሀብሩ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የበዓል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ለሚጠብቅ ልጅ ጅራፍና ወንጭፍ የሥራ መሣሪያዎቹ ናቸው።

ታዲያ ይህን ሁሉ መጎተትና መወርወር ችሎ የማይበጠሰው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ ቃጫ ነው።

ስለ ተፈጥሮ ፋይበር ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ቶሎ የሚመጣላችሁ ሄምፕ ነው። ገመድ ይሆናል፣ ሸራ ይሆናል፣ ወረቀትና ልብስ ይሆናል፣ ከኖራ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይሆናል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እኛ ጋ ብዙ አያስኬድም። ሄምፕ የካናቢስ ተክል ነው፤ አደንዛዥ ንጥረ ነገሩ በጣም ትንሽ ቢሆንም በአገራችን ካናቢስ ማልማት በሕግ ያስጠይቃል። የሚገርመው ግን በድሮው የንግድ ቋንቋ «ሄምፕ» ለጠንካራ ፋይበር ሁሉ የሚለጠፍ ስም ነበር። «የማኒላ ሄምፕ» የተባለው አባካ የሚባል የፊሊፒንስ ተክል ነው፤ የእንሰት የቅርብ ዘመድ። «ሲሳል ሄምፕ» የተባለው ደግሞ ከወልድያ ወደ መርሳ ስትወርዱ አጥርና እርከን ላይ የምታዩት፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የቆመ፣ ጫፉ እሾህ የሆነው ተክል ነው። አማርኛም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል፤ ከእንሰት የሚወጣውንም ከሲሳል የሚወጣውንም በአንድ ስም ቃጫ ይለዋል።

ሲሳል አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ፋይበሩ ይጫንበት ከነበረ የዩካታን ወደብ ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመጣው ሪቻርድ ሂንዶርፍ የሚባል ጀርመናዊ የእርሻ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 ከፍሎሪዳ 1000 ችግኝ አዝዞ በሕይወት ታንጋ የደረሱለት 62 ብቻ ነበሩ። የታንዛኒያ ሰፋፊ የሲሳል እርሻዎች የተጀመሩት ከእነዚያ 62 ነው።

ተክሉ ለቆላማው ሀብሩ የሚስማማው በአንድ ብልሃት ነው። አብዛኞቹ ተክሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት የቅጠላቸውን ቀዳዳ ቀን ይከፍታሉ፤ ሲከፍቱ ደግሞ ውሃቸው ይተናል። ቃጫ የሚከፍተው ሌሊት ነው። ቀዝቀዝ ሲል አየሩን አስገብቶ በአሲድ መልክ ያስቀምጠዋል፤ ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ዝናብ ሲጠፋ ማሽላው ሲጠወልግ እሱ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ለዚህ ነው። ሥሩም አፈር ስለሚይዝ ቦረቦር ለመግታት ይተከላል።

አሁን ወደ ጥንካሬው እንምጣ፤ እኔን የሚያጓጓኝ እዚህ ነው። አንዲት ዘለላ ቃጫ በዓይን አንድ ክር ትመስላለች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ብዙ ደቃቅ ቱቦዎች በተፈጥሮ ሙጫ ተጣብቀው ነው። የቱቦዎቹ ግድግዳ በጠመዝማዛ መንገድ የተጠቀለለ ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥም ወረቀትም የተሠሩበት ያው ነገር። አንዲት 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ዘለላ ሳትበጠስ ምን ያህል ትሸከማለች? የሲሳል ጥንካሬ በተለምዶ ከ400 እስከ 700 ሜጋፓስካል ነው። 500ን ወስዳችሁ በዘለላዋ ስፋት አባዙት፤ 1.6 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ የያዘ ሃይላንድ በአንዲት ዘለላ ይንጠለጠላል ማለት ነው! በእኩል ክብደት ከተወዳደሩ ቃጫ ተራውን የግንባታ ብረት ይበልጣል፤ ብረት ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳልና። ግን አትቸኩሉ፤ ብረት ሲጎተት የሚለጠጠው በጣም ጥቂት ነው፣ ቃጫ ከዚያ ይበልጥ ይለጠጣል። ድልድይ በቃጫ የማንሠራው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ ቅጠል ውስጥ በአማካይ 1000 ያህል ዘለላ አለ። በወረቀት ላይ ካሰላነው አንድ ቅጠል ከአንድ ቶን በላይ ሊያነሳ ነው። በተግባር እንዲህ አይሆንም፤ ዘለላዎቹ እኩል ስለማይወጠሩ አንዷ ቀድማ ትበጠሳለች፣ ጭነቷ ለጎረቤቷ ይተርፋል፣ እሷም ትከተላለች። ቃጫ የሚከረረው ለዚህ ነው። ገመድ ሠሪው ዘለላዎቹን ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ሲያከርራቸው እርስ በርስ ይጫናሉ፤ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ይበልጥ ይጣበቃሉ። ከዚያ ሁለት ሦስቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ይገምዳቸዋል። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ስለሚያጠብቅ ገመዱ ራሱን በራሱ ቆልፎ ይቀመጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ሰበቃን ረስቷል፤ ሳይከረር ቢያብር እንኳን አንበሳ ፍየልም አያስር።

ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ታዲያ ለምን ከገበያ እየጠፋ ነው? የፍየል ማሰሪያው፣ የጭነት ገመዱ፣ ጆንያው ሁሉ ወደ ናይለን ዞሯል። ከፕላስቲክ የተሸመነውን ከረጢት ራሱን እንኳ «ማዳበሪያ» ብለን ነው የምንጠራው፤ ይዞት በመጣው ነገር። ለዚህ ሰዉን መውቀስ አይገባም። ቃጫ ውሃ ይጠጣል፣ እርጥበት ላይ ከቆየ ይበሰብሳል። ናይለኑ አይበሰብስም፤ ፀሐይ ግን ያደርቀውና እየተቆራረጠ ከማሳው አፈር ጋር ይደባለቃል። የቃጫ መበስበስ ለገመዱ ባለቤት ጉዳት፣ ለማሳው ግን ጥቅም ነው። ሁለቱን በአንድ ሂሳብ ማስታረቅ ቀላል አይደለም።

በእኔ እይታ ዋናው ችግር መበስበሱ አይደለም፤ መፋቁ ነው። ከ100 ኪሎ ቅጠል የሚገኘው ደረቅ ቃጫ 4 ኪሎ ገደማ ነው። የቀረው ውሃ፣ ሥጋና ጭማቂ ነው። ጭማቂው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገርና መርፌ የመሰሉ ደቃቅ የካልሲየም ኦክሳሌት ቁርጥራጮች አሉ። የፋቂውን እጅ የሚያሳክኩት እነሱ ናቸው። ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ባክቴሪያ እንዲበላው ማድረግ ድካሙን ይቀንሳል፤ ግን ባክቴሪያዎቹ የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርሱ ወንዝ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ዓሣ ይገድላል፣ ሽታውም አይጣል ነው። ሦስተኛው መንገድ ቅጠሉን በሚሽከረከር ከበሮ የሚፍቅ ማሽን ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከባዱ የሞተሩ ዋጋና እጅ እንዳይገባበት የሚከልለው ሽፋን ነው። ወልድያም ሆነ ሌላ ቦታ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት አጥታችሁ ከሆነ እዚህ ጋ አለላችሁ።

ተረፈ ምርቱም ቢሆን የሚጣል አይደለም። ታንዛኒያ ውስጥ ሃሌ በሚባል የሲሳል እርሻ ከዚሁ ዝቃጭ ባዮጋዝ አውጥተው ኤሌክትሪክ አመንጭተውበታል። ፋይበሩ ደግሞ ከገመድ አልፎ ሄዷል። የዳርት መወርወሪያ ሰሌዳ ጥቅጥቅ ብሎ የታጨቀ ሲሳል ነው፤ ቀስቱ ሲነቀል ቀዳዳው ተመልሶ ይዘጋል። የአውሮፓ መኪና አምራቾች የበር ውስጠኛ ሽፋን ለመሥራት የተፈጥሮ ፋይበርን ከፕላስቲክ ጋር ያጣብቃሉ። እዚህ ላይ ያለው ፈተና ቃጫ ውሃ ሲወድ ፕላስቲክ ውሃ መጥላቱ ነው፤ አይጣበቁም። ስለዚህ ፋይበሩ መጀመሪያ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል። ሶዳው ላዩን ያለውን ሙጫና ሰም አንስቶ ሻካራ ሲያደርገው ፕላስቲኩ የሚይዝበት ያገኛል። ሶዳው ከበዛ ግን ሴሉሎሱንም ስለሚጎዳ ፋይበሩ ይደክማል።

መንገድ ዳር ከመካከሉ ከአራት አምስት ሜትር በላይ የሆነ የአበባ ዘንግ ያወጣ ቃጫ ካያችሁ ልብ በሉት። ተክሉ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ እስከዚያ 200 ያህል ቅጠል ሰጥቷል፣ ወይም ማንም ሳይቆርጥለት ቀርቷል። ዘሩ አይበቅልም። ዘንጉ ላይ በአበባው ቦታ ትንንሽ ችግኞች ይንጠለጠላሉ። እነሱን ለቅማችሁ ቅጠል ሳትጠብቁ መትከል ትችላላችሁ፤ ለመቆረጥ የሚደርሱት ግን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው።