የአያትህ ሜዳሊያ ለቆራሌው ከመሸጡ በፊት፦ ቤት ውስጥ ያለን የጦርነት ዕቃ እንዴት እንለየው? እንዴትስ እናቆየው?

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አያቶቻችሁ ቤት አልጋ ሥር ያለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ምን አለ? ሪባኑ የተላቀቀ ሜዳሊያ? የነጣ ፎቶ? የቆዳ ዝናር፣ ኮዳ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት? ቤት ሲፈርስ ወይም ሰው ሲያልፍ ቶሎ ከሚጣሉት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ቆራሌው ደግሞ ነሐስን በኪሎ ነው የሚያውቀው።

ለምን እነዚህ ከተሞች ካላችሁ፣ መንገዶቹን ተከተሉ። ሰበታን አልፎ የሚሄደው የጅማ መንገድ ወሊሶ ያደርሳል። ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ጣሊያንን የተዋጉበት አገር ነው። ከቡራዩ የሚቀጥለው የአምቦ መንገድ ሆለታን ያገኛል። እዚያ በወረራው ዋዜማ የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ጥቁር አንበሳ የተባለውን የአርበኞች ድርጅት ተቀላቅለዋል። ከሆለታ አለፍ ብሎ ጊንጪ አካባቢ ደግሞ “የበጋው መብረቅ” ጃገማ ኬሎ ገና በልጅነታቸው ጫካ ገብተዋል። በሱሉልታ በኩል ብትወጡ ፍቼ ናት፤ ደጃዝማች አበራ ካሳ ታኅሣሥ 1929 በጣሊያኖች የተገደሉባት። ወደ እኛ ዘመን ስንጠጋ፣ በ1969 የሶማሊያን ወረራ ለመመከት የዘመተው ሚሊሻ የሰለጠነው ቡራዩ አቅራቢያ ባለው ታጠቅ ጦር ሰፈር ነው።

ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ከየትኛውም ዘመን ሊሆን ይችላል። እንዴት ትለዩታላችሁ?

1. ዘውዱን እዩ። ሜዳሊያው ወይም የወረቀቱ ማኅተም ላይ ዘውድ፣ ዘውድ የደፋ አንበሳ ወይም የንጉሡ ምስል ካለ፣ ከ1967 በፊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት ደርግ ንጉሣዊውን ሥርዓት ሲሽር ዘውዱም ከአንበሳው ራስ ላይ ወረደ። መዶሻና ማጭድ ካያችሁ የደርግ ዘመን ነው።

2. ሰማያዊና ነጭ ሪባን። ቀጫጭን ቁም መስመሮች ካሉትና ከላይ በአማርኛ “ኮሪያ” የሚል ካለበት፣ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ነው። ለየአገሩ በየቋንቋው ስለተሠራ የኛው በአማርኛ ነው። ከ1943 ጀምሮ ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ክብ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ ያለበት ምልክት ካገኛችሁ ደግሞ፣ ቃኘው አብሮት የተዋጋው የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው።

3. የጣሊያን ዕቃ። ፋሺስቶች የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር ነበራቸው። ከዓመቱ አጠገብ በሮማ ቁጥር 14 ተጽፎ ካያችሁ፣ ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ማለት ነው። አዲስ አበባ የተያዘችበት ዓመት መሆኑ ነው።

4. የጠመንጃ ስም። ጠመንጃው ዛሬ ባይኖርም ሽማግሌዎቹ ስሙን ያነሱታል። “ውጅግራ” ከፈረንሳዩ ግራ፣ “ሰናድር” ከእንግሊዙ ስናይደር የመጣ ነው። ሁለቱም ከአድዋ በፊት የተሠሩ ናቸው፤ ብዙ አርበኛ ግን ከ40 ዓመት በኋላም በእነሱው ተዋግቷል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማኅተምና ቁጥር ዕቃው መቼ እንደተሠራ ነው የሚነግራችሁ። ማን እንደያዘው፣ የት እንደተማረከ፣ ለምን እንደተሸለመ አይነግራችሁም። ያንን የሚያውቀው ሰው ነው። በ1969 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሚሊሻ ዛሬ ወደ 70 ይጠጋል። የአርበኞቹን ወሬ ከአፋቸው የሰሙት ልጆቻቸውም አርጅተዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መቅዳት ነው። ስልካችሁን አውጡ፣ አስፈቅዱና ድምፅ ቅዱ። “እማማ፣ ይሄ የማን ነበር? አለቃቸው ማን ይባላል? የት ዘመቱ? ይሄንን ማን ሰጣቸው?” ብላችሁ ጠይቁ። በኦሮምኛ የሚያወሩ ከሆነ በኦሮምኛ ቅዱ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ከዚያ ዕቃውን ከፊትና ከጀርባ በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱ። ፋይሉን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል።

ቀጥሎ አያያዝ፦

• ሜዳሊያ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በኮምጣጤ አትፈትጉ። የሚያብረቀርቀው ጽሑፉ እየተፋቀ ነው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል። ሪባኑን አትጠቡት።
• ፌስታል ውስጥ አትቋጥሩ። በተለይ የሱሉልታ ክረምት እርጥበቱን እዚያው ያፍነዋል፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ቆዳው ይሻግታል። በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት።
• ፎቶና ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ፤ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ፎቶ ጀርባ ላይ ስም ስትጽፉ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ ይሁን።
• የደንብ ልብስ ብል እንዳይበላው አልፎ አልፎ ዘርግታችሁ እዩት፤ ፀሐይ ላይ ግን አታቆዩት።

አሁን ደግሞ ቀልድ የሌለበት ነገር። የእጅ ቦምብ፣ የመድፍ ጥይት ወይም ምን እንደሆነ ያላወቃችሁት የብረት ነገር ካገኛችሁ አትንኩ፣ አትክፈቱ፣ ፎቶ ለማንሳት ብላችሁም አታገላብጡ። ዕድሜ ፈንጂን አያመክነውም። ሰው አርቃችሁ ፖሊስ ጥሩ። ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ “የአያቴ ነው” ማለት ፈቃድ አይሆንም፤ በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል።

ሌላው ገዢ ነው። ቅርስ በግለሰብ እጅ መቆየት እንደሚችል የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ይፈቅዳል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ግን ክልክል ነው። “ውጭ ገዢ አለኝ” የሚል ሰው ሲመጣ ይሄንን አስታውሱ። ማስመዝገብ ወይም ማማከር የሚፈልግ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይችላል። ለአርበኞች ጉዳይ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር፣ ለቃኘው ደግሞ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ አሉ።

ስም የሌለው ሜዳሊያ ገበያ ላይ የብረት ቁራጭ ነው። ስሙ፣ ቦታውና ዓመቱ አብረውት ካሉ ግን ቤተሰቡም ሙዚየሙም የሚያነበው ማስረጃ ይሆናል። ሳጥኑ ነገም እዚያው ሊኖር ይችላል። ቁልፉን የያዙት እማማ ግን ዛሬ ቡና እያፈሉ ነውና፣ ዛሬ ጠይቋቸው።