ምግብ የሚያማርጥ የትዳር አጋር ባለበት ቤት ጤናማ ምግብ እንዴት ይበስላል?

በናይሮቢ በበርካታ ቤቶች የእራት ገበታ ኡጋሊ አይጠፋም። ከነጭ የበቆሎ ዱቄት የሚዘጋጅ ጠጠር ያለ ገንፎ ነው። ኡጋሊው አያከራክርም፤ የሚያከራክረው አጠገቡ የሚቀርበው ነው። አንዱ ተከትፎ የተጠበሰ ሱኩማ ዊኪ፣ ማለትም ጎመን ይበቃዋል፤ ሌላው ሥጋ ከሌለበት “በላሁ” አይልም። ምግብ የማብሰሉ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በሴቷ ላይ በመሆኑ ሁለት ድስት የምትጥደው፣ አልያም ለቤቱ ሰላም ስትል መላው ቤተሰብ የአንዱን ምርጫ እንዲበላ የምታደርገው እሷ ናት።

ጉዳዩ የአፍ አመል ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። ኬንያ እ.አ.አ. በ2015 በአዋቂዎች ላይ ያካሄደችው ብሔራዊ የጤና ዳሰሳ፣ 94 በመቶ ያህሉ የሚመከረውን የአትክልትና ፍራፍሬ መጠን እንደማይመገቡ፣ ከአራቱ አንዱ ገደማ ደግሞ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለበት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ነው። አባት ወይም እናት አትክልቱን ወደ ሳህኑ ዳር ሲገፉ የሚያዩ ልጆችም ያንኑ መልመዳቸው አይቀርም።

ምርጫው ከየት ይመጣል?

አንዱ ምክንያት ተፈጥሯዊ ነው። መራራ ጣዕምን የሚለየው ዘረመል ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ ለአንዱ ለስላሳ የሆነ ቅጠል ለሌላው እጅግ ሊመርረው ይችላል። ሌላው አስተዳደግ ነው። ናይሮቢ የተለያየ ጓዳ የነበራቸውን ሰዎች በትዳር የምታገናኝ ከተማ ናት። በምዕራብ ኬንያ ላደገ ሰው ምሬንዳ የተባለው ልጥልጥ የሚል ቅጠል የእናት ቤት ምግብ ነው፤ ሱዳኖችና ግብፃውያን መሉኪያ የሚሉት መሆኑ ነው። ከሌላ አካባቢ ለመጣ የትዳር አጋር ግን ልጥልጥታው ብቻ ሳህኑን ለማራቅ በቂ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ምግቡ የሚሸከመው ትርጉም ነው። ሱኩማ ዊኪ በስዋሂሊ “ሳምንቱን ግፋ” እንደማለት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ሳምንቱን በእሱ ገፍቶ ላደገ ሰው ጎመኑ የድህነት ማስታወሻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን ጥሩ ማሳያ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ጎመን፣ ምስርና ሽሮ ያለ ቅሬታ የሚበላ አባወራ፣ ፍስክ ሲገባ ያንኑ ምግብ ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁርበት ቤት ጥቂት አይደለም። ምላሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀኑ ነው።

ከገበታ የወረዱት ቅጠሎች እንዴት ተመለሱ?

ጣዕም እንደሚለወጥ የናይሮቢ ገበያ ራሱ ይመሰክራል። ማናጉ፣ ቴሬሬ፣ ሳጋ እና ኩንዴ የተባሉት አገር በቀል ቅጠሎች በቅኝ ግዛት ዘመንና ከዚያም በኋላ ጥቅል ጎመንና ሌሎች የውጭ አትክልቶች ሲስፋፉ የድሃና የኋላ ቀር ምግብ ተደርገው ይታዩ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞችን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ቅጠሎቹን ለመመለስ ተነሡ። ዛሬ በከተማዋ ሱፐርማርኬቶችም ይሸጣሉ።

በዚህ ሥራ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው በጆሞ ኬንያታ የግብርናና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆርቲካልቸር ተመራማሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ሜሪ አቡኩትሳ-ኦንያንጎ ናቸው። በልጅነታቸው ሥጋ፣ ወተት፣ ዓሣና እንቁላል ስለማይስማማቸው ያደጉት በእነዚሁ ቅጠሎች ነው።

ዘመቻው ቅጠሎቹ ከጥቅል ጎመን ይልቅ በብረት፣ በካልሲየምና በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ መሆናቸውን ሰብኳል። ነገር ግን ስለ ጤና የሚሰጥ ስብከት ብቻውን የማንንም አፍ አይከፍትም። ለጓዳ ይበልጥ የሚጠቅመው ነባሩ የአበሳሰል ጥበብ ነው። የምዕራብ ኬንያ ባለሙያዎች መራራዎቹን ማናጉና ሳጋን ብቻቸውን አያቀርቡም። ለስለስ ካለው ኩንዴ ወይም ቴሬሬ ጋር ይቀላቅሏቸዋል፤ ወተት ወይም የኦቾሎኒ ልቁጥ ይጨምሩባቸዋል፤ አንዳንዴም አሳድረው በማግስቱ ያሞቋቸዋል። ምሬቱ የሚበርደው በዚህ ነው።

አንድ ድስት ለሁለት ምላስ

ከዚህ የሚወሰደው ዘዴ የሚወደደውን ምግብ ሳያስቀሩ ድርሻውን መለወጥ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ኒያማ ቾማ፣ ማለትም የሥጋ ጥብስ፣ በኪሎ ነው የሚታዘዘው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ የሚመክረው ግን ቀይ ሥጋ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም (ከበሰለ በኋላ የሚመዘን) እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ የሳምንቱ ድርሻ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ቤት ውስጥ የወጡን ሥጋ በግማሽ ቀንሶ በማሾ ወይም በምስር መተካት ይቻላል። የሥጋው ሽታና መረቅ ስላለ ወጡ አሁንም የሥጋ ወጥ ነው።

ኡጋሊውም እንዲሁ ነው። በበቆሎው ዱቄት ላይ መጀመሪያ ጥቂት ዳጉሳ ወይም ማሽላ መጨመር፣ ዐይንና ምላስ ሲለምዱት ደግሞ መጠኑን ማሳደግ ይቻላል። ሥጋ ወዳዱ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገርም አለ፤ ከጥብሱ ጋር የሚቀርበው ካቹምባሪ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው። አትክልት አልበላም የሚለው ሰው አትክልት እየበላ ነው ማለት ነው። ካቹምባሪው ላይ ኪያር፣ ካሮት ወይም አቮካዶ መጨመር አዲስ ሳህን ከማቅረብ ይቀላል።

“ጎመን አልወድም” የሚለውን መልስ መመርመርም ተገቢ ነው። የሚያስጠላው ምሬቱ ነው፣ ሽታው ነው ወይስ መላሸቁ? መላሸቁ ከሆነ መፍትሔው ጎመኑን ቶሎ ማውጣት ነው። በየመንደሩ አትክልት የሚሸጡት ማማ ምቦጋዎች ሱኩማ ዊኪን እንደ ክር አድርገው ይከትፋሉ። እንዲህ የተከተፈ ጎመን ለጥቂት ደቂቃ እሳት ካየ ይበቃዋል። ሳይከተፍ በፊት ቢታጠብ ይመረጣል፤ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ ቫይታሚን ሲ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጣዕም ለመጨመር ሲባል ጨውና የሾርባ ኩብ ማብዛት ግን ትርፉን ያጠፋዋል፤ ለአንድ አዋቂ የሚመከረው የቀን ጨው ከ5 ግራም በታች ነው።

አትክልቱን ፈጭቶ መደበቅ ለሕፃናት የተለመደ ዘዴ ቢሆንም ለባል ወይም ለሚስት አይመከርም፤ የተደረሰበት ዕለት ሌላውም ድስት ይጠረጠራል። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚጠቁሙት አዲስ ምግብ ለመለመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊጠይቅ ይችላል። አዋቂም ቢሆን በመደጋገም ይለምዳል፤ ትንሽ በትንሽ፣ ያለ ግዴታና ያለ ዘለፋ እስከቀረበለት ድረስ። የሚያማርጠው ሰው ራሱ ገበያ ወጥቶ ቢመርጥና ቢከትፍ ደግሞ የሁለተኛው ድስት ሸክም ከአንድ ሰው ትከሻ ይወርዳል።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.አ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከክብደት ፍርሃት ጋር ያልተያያዘ ከባድ የምግብ መሸሽን እንደ ሕመም መዝግቦታል። አንድ ሰው የሚበላቸው ምግቦች በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ የደም ማነስ ከታየበት ወይም ከሰው ጋር መብላትን ከሸሸ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቀድሞ ይበላ የነበረውን ምግብ በድንገት መተውም የጥርስ፣ የጨጓራ ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።