ማናጀር፣ ኮማንደር፣ ዳይሬክተር፦ የኃላፊ ስያሜ ከእንግሊዝኛ ሲመጣ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ርእሰ ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም በየቀኑ የሚገጥመን ነው። የሚያዝዘንን፣ የሚቆጣጠረንን፣ ፊርማው ጉዳያችንን የሚወስንልንን ሰው በምን ስም እንጠራዋለን? ከእነዚህ ስሞች ስንቱ ከእንግሊዝኛ መጣ? መምጣቱስ በተገልጋዩ ላይ ምን ያስከትላል? ምሳሌዎቼን በተቻለ መጠን ከጫጫና ከአካባቢዋ እጀምራለሁ።

ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫ ከነበሩት ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው ነው። የእንግሊዝ ማዕረግ ያለው ሰው ወደዚህ አገር የመጣው ትናንት አይደለም፤ ካፒቴን ሐሪስ የተባለ የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1834 ዓ.ም. ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራርሟል። ሆኖም «ካፒቴን» የሚለው ማዕረግ ከሰውየው ጋር መጥቶ ከሰውየው ጋር ተመለሰ። በዚያ ስም የሚሾምበት ሥራ በአገሩ አልነበረምና። ከዚህ የመጀመሪያውን ሐሳቤን አወጣለሁ፦ የሹመት ስም ብቻውን አይሰደድም፤ የሚሾምበትን ተቋም ተከትሎ ይመጣል።

የቀድሞዎቹ ማዕረጎች የራሳቸው ሥርዓት ነበራቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራ፣ ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን የሚያዘምት ነበር፤ ነጋድራስ የነጋዴዎች፣ ባልደራስ የፈረሶች አለቃ ነበር። ስሙን የሰማ ሰው ሹሙ የሚቆምበትን ቦታ ወይም የሚያዝዘውን ወገን ከስሙ ያውቅ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አዲሱ ስም አሮጌውን አልሻረውም። የጦር ሚኒስትር የሆኑት ሀብተ ጊዮርጊስ እስከ ዕለተ ሞታቸው በሕዝቡ ዘንድ «ፊታውራሪ» ነበሩ። «ሚኒስትር» የሥራው ስም፣ «ፊታውራሪ» ግን የሰውየው ስም ሆኖ ቀጠለ።

ያን ጊዜ የሚመጡት ቃላት ከእንግሊዝኛ ይልቅ የፈረንሳይኛ መልክ ነበራቸው። ለዚህ ምስክሩ አንድ ቃል ነው። ሽማግሌዎቻችን የትምህርት ቤቱን አለቃ «ዲሬክተር» ይሉታል፤ ልጆቻቸው «ዳይሬክተር» ይላሉ። የመጀመሪያው አነጋገር የፈረንሳይኛውን፣ ሁለተኛው የእንግሊዝኛውን ድምፅ ይከተላል። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እንግሊዝኛ የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሲሆን የቃላቱም በር ተለወጠ። በግንባታና በእርሻ ሥራ የቀን ሠራተኞችን የሚመራው «ካቦ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የቀረ ነው፤ ከጎኑ «ፎርማን»፣ ከበላዩ «ሱፐርቫይዘር» ቆመዋል። በአንድ የሥራ ቦታ ላይ የሁለት ዘመን ቋንቋ ተደራርቦ ይታያል።

ቃላቱ እንዴት እንደሚሠሩ ስንመረምር በሦስት እንከፍላቸዋለን።

አንደኛው የወታደር ማዕረግ ነው። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ እያልን እስከ ሺህ በራሳችን ቋንቋ እንቆጥራለን፤ ከሺህ በላይ ኮሎኔልና ጄኔራል ይጀምራሉ። የቋንቋው ድንበር በማዕረጉ መሰላል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ከታች አገርኛ፣ ከላይ ባዕድ።

ሁለተኛው የፖሊስ ማዕረግ ነው። እዚህ ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር፣ ኮሚሽነር ሁሉም ከውጭ ናቸው፤ እርከናቸውን የሚለዩት ግን «ረዳት»፣ «ምክትል»፣ «ዋና» የሚሉ የራሳችን ቃላት ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ወገኖች ከስም በፊት ገብተው መጥሪያ ይሆናሉ፤ ባለጉዳዩ «ኮማንደር» ብሎ ይጣራል።

ሦስተኛው ወገን የመሥሪያ ቤት ነው፦ ማናጀር፣ ዳይሬክተር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ኦፊሰር። እነዚህ «ማናጀርነት»፣ «ዳይሬክተሯ»፣ «ሱፐርቫይዘሮች» እየተባሉ ለአማርኛ ሰዋስው ተገዝተዋል፤ ከሰው ስም በፊት ግን አይገቡም። ማናጀሩን በፊት ለፊት «አቶ እገሌ» ወይም «ጋሼ» እንለዋለን እንጂ «ማናጀር እገሌ» አንልም። ቃሉ ወንበሩን እንጂ ሰውየውን አልያዘም።

ይህ ሁሉ ለምን ያሳስበናል? ነገሩ የቋንቋ ንጽሕና ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። ከጫጫ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ስለ መሬት ካሳ አቤት ለማለት የሚመጣ ገበሬን እናስብ። ማመልከቻው «ለ» ብሎ መጀመር አለበት። ለማን? የሚወስነውን ሰው በስያሜው ካላወቀው «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ያስጽፋል፤ ሁሉን የሚመለከት ጉዳይ ደግሞ ማንንም ሳይመለከት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። የስያሜው ጭጋግ ለሹሙ መሸሸጊያ ይሆናል።

መፍትሔው መተርጎም ነው የሚል ይኖራል። በከፊል እስማማለሁ። «ሥራ አስኪያጅ» ሥራው እንዲሄድ የሚያደርግ ማለት ነው፤ ሥራው ከቆመ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ስሙ ይናገራል። «ርእሰ መምህር»ም እንዲሁ፤ አለቃው ራሱ መምህር መሆኑን አይዘነጋም። የምክር ቤት መሪ «አፈ ጉባኤ» ሲባል የጉባኤው አፍ እንጂ ጌታ አለመሆኑ ይታወቃል። ከሁሉ የላቀው ምሳሌ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ነው። እንግሊዝኛው ከስዊድንኛ የተዋሰውን ስም እኛ አልተዋስነውም፤ አቤት ባዩ ከመሥሪያ ቤቱ ምን መጠበቅ እንደሚችል በሁለት ቃል ነገርነው።

ነገር ግን መተርጎም ብቻውን አይበቃም። በመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ዘመን «የሥራ ሂደት ባለቤት» የሚል ስያሜ በየመሥሪያ ቤቱ ተለጥፎ ነበር። ቃላቱ በሙሉ አማርኛ ናቸው፤ አስተሳሰቡ ግን በቀጥታ ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው። ገበሬው «ባለቤት» ሲል የቤት፣ የከብት፣ የመሬት ባለቤት ማለቱ ነው። ለጉዳዩ ባለቤት እርሱ ራሱ ሆኖ ሳለ ከጠረጴዛው ማዶ ሌላ ባለቤት ተቀምጦ ያገኛል። ተገልጋዩ መብቱን እንዲያውቅ የሚዘጋጀው ሰነድ ስሙ «የዜጎች ቻርተር» መሆኑም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው።

የራሳችን ስያሜዎችም ንጹሓን አልነበሩም። «ጭቃ ሹም» አገርኛ ስም ነበር፤ ስሙ አገርኛ መሆኑ ግን ገባሩን ከጫና አላዳነውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የፈጠረው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የመሳፍንቱ ማዕረጎች ሲሻሩ የተተካው «ሊቀ መንበር»ም ከግእዝ የተሠራ ውብ ቃል ነበር፤ በየቀበሌው ምን ያህል እንደተፈራ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።

ስለዚህ ስያሜን የምመዝነው በትውልዱ ሳይሆን በሁለት ጥያቄ ነው። ሹሙ ምን እንደሚሠራ ይናገራልን? ለማን መልስ እንደሚሰጥ ያስታውሳልን? በዚህ ሚዛን «ኃላፊ» የሚለው ቃላችን ብርቅ ነው። በአንድ በኩል ኃላፊነት ያለበትን፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ኃላፊ ጠፊ» እንደምንለው የሚያልፈውን፣ የማይዘልቀውን ያመለክታል። ሹም ተጠያቂም አላፊም መሆኑን አንድ ቃል ይዞታል።

ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በባንክ፣ በፋብሪካ ትቀጠራላችሁ፤ በሮቻችሁም ላይ ስያሜ ይለጠፋል። ስያሜውን የመረጠው ሌላ አካል ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ግን ሁለት መስመር ጨምሮ መለጠፍ የሚከለክል የለም፦ «እዚህ የሚወሰነው ይህ ነው፤ በውሳኔው ካልተስማሙ አቤቱታዎን ለዚህ አካል ያቅርቡ»። ማመልከቻውን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ለማስጻፍ የመጣው ሰው እነዚህን መስመሮች ካነበበ ወይም ካስነበበ፣ ደብዳቤው የሚጀምርበትን ስም ያገኛል።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።