«ልብ ወለድ»፤ ቅጽል የነበረ ስም

በሥነ ጽሑፍ ትምህርትና በትርጉም ሥራ ከሚያጋጥሙን ስያሜዎች መካከል «ልብ ወለድ» የተባለውን ያህል የለመድነው፥ የለመድነውንም ያህል ሳንመረምር የተውነው ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የስያሜውን አመጣጥ ተመልክተን፥ በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንዴት ሊፈታ እንደሚገባ ሐሳብ እናቀርባለን።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፥ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። በዚህ ርእስ ውስጥ ስሙ «ታሪክ» ነው፤ «ልብ ወለድ» ታሪኩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሚገልጽ ቅጽል ነው። መግለጫውም ያስፈልግ ነበር፤ በአማርኛ «ታሪክ» በእርግጥ የተፈጸመውንም፥ እንዲያው የሚተረከውንም ያጠቃልላልና። ከጊዜ በኋላ ግን «ታሪክ» እየተተወ ሄደና ቅጽሉ ብቻውን ቀረ፤ ስምም ሆነ። ጠባይን ያመለክት የነበረው ቃል የድርሰቱ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው።

የእንግሊዝኛው «ፊክሽን» የጠባይ፥ «ኖቭል» የቅርጽ ስያሜ ነው። ሁለቱም በአማርኛ «ልብ ወለድ» ይባላሉ። ተውኔት የፊክሽን ወገን መሆኑን የሚናገር ዐረፍተ ነገር «ተውኔት ልብ ወለድ ነው» ተብሎ ቢተረጎም፥ ተማሪው ሁለት የተለያዩ ዘርፎች አንድ የተደረጉ ይመስለዋል። ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ደጋግመን ሰምተነዋል፤ ጠያቂዎቹም አልተሳሳቱም። «ረጅም ልብ ወለድ»፥ «አጭር ልብ ወለድ» እያሉ መለየቱ ቅርጽን በሚመለከት ረድቷል። ጠባዩ ግን አሁንም የራሱ ስም የለውም።

በጋዜጣ ቋንቋ ደግሞ ሦስተኛ ፍች ተጨምሯል። «የቀረበው ክስ ልብ ወለድ ነው» ሲባል ሐሰት ነው ማለት ነው። ደራሲ ግን አንባቢውን አያታልልም፤ አንባቢውም የሚያነበው የተፈጠረ መሆኑን ዐውቆ ይገባበታል። ለሐሰቱ «የፈጠራ ወሬ»፥ «የፈጠራ ክስ» የሚሉ የቆዩ አነጋገሮች ስላሉ፥ የዜና ጸሐፊዎች በእነዚህ ቢጠቀሙ እንመርጣለን።

ስለ «ልብ»ም አንድ ቃል እንበል። ወደ ውጭ አገር ቋንቋ የሚተረጉሙ አንዳንዶች ስያሜውን ከስሜት የፈለቀ ያስመስሉታል። በአማርኛ ልብ የማሰቢያም ስፍራ ነው፤ «ልብ በል»፥ «ልብ ገዛ» የሚሉት ይመሰክራሉ። ስለዚህ ልብ ወለድ አሳብ የወለደው ነው። «ወለድ»ም ፍሬያማ ሆኖ «ውሃ ወለድ በሽታ»ን፥ «አየር ወለድ ጦር»ን አስገኝቷል። በእነዚህ ላይ የእንግሊዝኛው «ቦርን» ሳያሳስት አልቀረም፤ ቃሉ በጽሕፈት ጥቂት ተለይቶ አንዱ መወለድን፥ ሌላው መሸከምን ያሰማል። ወታደሩን አየር ይሸከመዋል እንጂ አይወልደውም። ቢሆንም ቃሉ ጸንቷል፤ እንንቀለው አንልም።

ስለ «ልብ ወለድ»ም አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። መዝገበ ቃላቱ ሦስቱን ፍቾች በቁጥር ለይቶ፥ ቅጽሉን አስቀድሞ፥ የድርሰቱን ስም አስከትሎ፥ የሐሰትን ፍች «የጋዜጣ አነጋገር» ብሎ ቢያመለክት ይበቃል። ለጠባዩ «ልብ ወለድነት» ይሁን፤ ከዚያ «ተውኔት ልብ ወለድነት አለው» ማለት ያለ ጭንቀት ይቻላል። አጻጻፉ «ልብወለድ»ም «ልቦለድ»ም ሆኖ ይገኛል። እኛ ሁለቱን ቃላት ለይቶ መጻፉን እንደግፋለን፤ ቅጽልነቱ እንዳይረሳ ይረዳልና።

«ኢ ልብ ወለድ» የሚለው ግን ያሳስበናል። በግእዙ አፍራሽ «ኢ» የተሠራው ይህ ስያሜ የሕይወት ታሪክን፥ ወግን፥ የጉዞ ማስታወሻን ባልሆኑት ነገር ይጠራቸዋል። ለቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይጠቅም ይሆናል፤ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ግን እያንዳንዱ በስሙ ቢጠራ ይሻላል።